ከዶክተርነት ማዕርግ በኋላ ስለ ፕላኔቶች አመጣጥ የሚመረምሩ ወጣት ሊቃውንት

የዶክተርነትን ማዕርግ የተቀበለ ሰው ትምህርቱን እንደ ፈጸመ ይቈጠራል። በአውሮፓና በአሜሪካ በሚገኙት የከዋክብት ምርምር ቤቶች ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ማዕርጉን ተቀብሎ ገና ቋሚ የመምህርነት ወንበር ያላገኘ ወጣት ሊቅ፥ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በአንድ የምርምር ቤት ይቀመጣል፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ በሌላ አገር ይህንኑ ያህል ጊዜ ተቀምጦ የራሱን ጥያቄ ይመረምራል። በኢትዮጵያ ዜማውን የጨረሰ ደቀ መዝሙር ለቅኔ ወደ ሌላ ደብር፥ ለትርጓሜም ወደ ሌላ መምህር እንደሚሄድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ፥ የቅኔውን ተማሪ የሚያሰናብተው መምህሩ ሲሆን፥ የዚህኛው ጊዜ የሚያልቀው ግን በውሉ ላይ በተጻፈው ቀን መሆኑ ነው።

እነዚህ ሊቃውንት ከሚደክሙባቸው ጥያቄዎች አንዱ፥ ከዋክብትና በዙሪያቸው የሚዞሩት ፕላኔቶች በምን መንገድ ተገኙ የሚል ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1755፥ ፈረንሳዊው ላፕላስም በ1796 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፀሐይና ፕላኔቶችዋ ከአንድ ከሚሽከረከር ደመና ወጡ ብለው ጽፈው ነበር። የሐሳቡ መሠረት ዛሬ በብዙ ማስረጃ ጸንቷል። የጋዝና የትቢያ ደመና በራሱ ክብደት ተሰብስቦ መካከሉ ኮከብ ይሆናል፤ የቀረውም እንደ ምጣድ ተዘርግቶ ኮከቡን ይዞረዋል። ከዚህ በኋላ ግን ከባድ እንቅፋት አለ። ትቢያው እየተጣበቀ የጠጠር፥ ከዚያም የቋጥኝ ያህል ሲሆን፥ በዙሪያው ያለው ጋዝ ከቋጥኙ ጥቂት ዘግየት ብሎ ስለሚዞር፥ ከፊት እንደሚመጣ ነፋስ ሆኖ ይገታዋል፤ የተገታውም ቋጥኝ ወደ ኮከቡ ይወርዳል። አሜሪካዊው ዋይደንሺሊንግ በ1977 ባወጡት ስሌት መሠረት፥ ምድር ከፀሐይ በምትርቀው ርቀት ላይ የሚገኝ የአንድ ሜትር ቋጥኝ ተንከባልሎ ኮከቡ ውስጥ ለመግባት መቶ ዓመት ያህል ብቻ ይበቃዋል። እንግዲህ ምድር ራስዋ እንዴት ተረፈች?

ይህን ነገር በማየት መመርመር የተቻለው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። በቺሌ አገር በአታካማ በረሃ፥ ከባሕር ወለል 5000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በቻህናንቶር አምባ ላይ አልማ የተባለው መሣሪያ በ2013 ተመረቀ። 66 አንቴናዎቹ ከቀዝቃዛው ትቢያ የሚወጣውን፥ ለዐይን የማይታየውን ሞገድ እየተቀበሉ እንደ አንድ ታላቅ መነጽር ሆነው ይሠራሉ። በ2014 በዚህ መሣሪያ ኤች ኤል ታው የተባለው ኮከብ ሥዕሉ ሲነሣ፥ ዕድሜው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት የማይበልጠው የዚህ ሕፃን ኮከብ ምጣድ በብሩህና በጨለማ ቀለበቶች የተከፋፈለ ሆኖ ተገኘ። ሊቃውንቱ በዚህ ዕድሜ ይህን አልጠበቁም ነበር። ጋዙ በተጨናነቀበት ቀለበት ውስጥ የገባ ትቢያ መንሸራተቱን ስለሚተው፥ ብዙዎች የቋጥኙ መዳኛ በዚህ ሳይሆን አይቀርም ብለው ያስባሉ።

የቺሌ ተወላጅ የሆኑት ላውራ ፔሬዝ ከነዚህ ወጣት ሊቃውንት አንድዋ ነበሩ። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ዶክተር ከሆኑ በኋላ፥ በአሜሪካ ብሔራዊ የራዲዮ አስትሮኖሚ ድርጅት፥ ቀጥሎም በጀርመን አገር ቦን ከተማ በሚገኘው በማክስ ፕላንክ ተቋም በጊዜያዊ መርማሪነት ሠርተዋል። በቦን ሳሉ በ2016 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፥ ኤሊያስ 2-27 የሚባለው ወጣት ኮከብ ምጣድ ሁለት የተጠማዘዙ ታላላቅ ክንዶች እንዳሉት አሳዩ። ክንዶቹን የሳበው ያልታየ ፕላኔት ይሁን፥ ወይስ ምጣዱ በራሱ ክብደት እየተናወጠ፥ በዚያ ጊዜ ሊለይ አልተቻለም።

ጥያቄው ዓመታት የሚፈልግ ሲሆን፥ የጠያቂው ውል ግን አጭር ነው። በአልማ ለመመልከት የሚሻ ሰው ማመልከቻ ጽፎ ይወዳደራል፤ የሚለመነውም ሰዓት ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። ሰዓቱን ቢያገኝ፥ የተሰበሰበው መረጃ ለእርሱ ብቻ ሆኖ የሚቈየው አንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉ ይከፈታል። የሦስት ዓመት ውል ያለው ወጣትም በሁለተኛው ዓመት ላይ ምርምሩን ጋብ አድርጎ ለሚቀጥለው ቦታ ደብዳቤ መጻፍ ይጀምራል። መረጃው ለሁሉ መከፈቱ መልካም ሥርዓት ነው። የሰው ጕልማሳነት በማመልከቻ ማለቁ ግን ገንዘቡን ለሚመድቡት መንግሥታት ራሳቸው ኪሳራ ነው፤ መሣሪያውን በከፍተኛ ወጪ አሠርቶ፥ የሚመለከትበትን ዐይን በየሦስት ዓመቱ ማሰናበት አይገባም።

ዶክተር ፔሬዝ ወደ አገራቸው ተመልሰው በቺሌ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ወንበር አገኙ። በ2018 የ20 ከዋክብትን ምጣዶች በአንድነት ለመረመረው ታላቅ ሥራ ከአራቱ መሪዎች አንድዋ ሆኑ፤ ኤሊያስ 2-27ም ከሃያዎቹ መካከል ነበረ። የቦኑ ጥያቄም አልተረሳም። በ2021 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ትማር በነበረች ተማሪ መሪነት በወጣ ጥናት የጋዙ እንቅስቃሴ ተለክቶ፥ ክንዶቹ ከምጣዱ የራስ ክብደት የመጡ መምሰላቸው ተገለጠ። በዚያው ዓመት ሌሎች ሊቃውንት ምጣዱን በስሌት ሲመዝኑት፥ ክብደቱ ከኮከቡ ክብደት ከመቶው 17 እጅ ያህል ሆኖ ተገኘ።