ከጉዱማሌ ሜዳ እስከ መድረክ፦ የተዋናይ ድምፅና አካል እንዴት ይሠለጥናል?

የሐዋሳው ዋን ላቭ ቲያትር ወጣቶች ስለ ኤችአይቪ/ኤድስ ለማስተማር አደባባይ ሲወጡ ይዘው የሚወጡት ድራማ ብቻ አልነበረም። ሰርከስም ሙዚቃም አብሮ ነበር። በአክሮባት ሰው ይሰበስባሉ፤ የተሰበሰበውን ሰው በትወና ያስተምራሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ተዋናዩን ይፈትናል። ተገልብጦና ዘልሎ፣ ጓደኛውን በትከሻው ተሸክሞ ካበቃ በኋላ፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ፣ ከሁሉ ኋላ ለቆመው ሰው ጥርት ብሎ የሚሰማ ቃል ማውጣት አለበት።

የተዋናዮች የድምፅና የእንቅስቃሴ ሥልጠና የሚያተኩረውም እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ተማሪ መተንፈስን፣ ቃል ማጥራትንና አቋቋምን ለየብቻ ይማራል። ከፍ ወዳለው ደረጃ ሲሸጋገር ግን ድምፅና አካል ይገናኛሉ፤ እየሮጠ ይናገራል፣ እየወደቀ ይጮኻል፣ እያለቀሰም ቃሉን ያሰማል።

የድምፅ ምንጭ ትንሽ ናት። ጉሮሮ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች በጎልማሳ ወንድ ከ2 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይበልጡም፤ በሴት ደግሞ ያጥራሉ። ከሳምባ የሚወጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ፣ በተራ ንግግር ጊዜ በወንድ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ በላይ፣ በሴት ወደ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ያንን ርግብግቢት አጉልተው ለተመልካች የሚያደርሱት የጉሮሮ፣ የአፍና የአፍንጫ ክፍተቶች ናቸው። ያልሠለጠነ ተዋናይ ድምፁ እንዲሰማለት ሲፈልግ አንገቱን ይወጥራል፤ አውታሮቹ በኃይል ይጋጫሉ፤ በሦስተኛው ትርዒት ድምፁ ይሻክራል። የሠለጠነው ኃይሉን ከታች ያመጣል። ስለዚህ ልምምዱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ወለል ላይ በጀርባ ተኝቶ፣ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሽን ቀስ እያሉ በመልቀቅ ነው። ከዚያ አፍን ዘግቶ ማጉተምተም፣ ቀጥሎ አናባቢዎችን ማውጣት፣ በመጨረሻም ወደ ቃለ ተውኔቱ መግባት ይመጣል።

አማርኛ በዚህ ላይ የራሱን ሥራ ይጨምራል። ፊደሉ መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ጊዜ አመልካች ቃል። ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጸ ደግሞ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ስለሆኑ፣ የደከመ ተዋናይ አፍ ውስጥ ቶሎ ይደበዝዛሉ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አድማጭ ገጸ ባሕርያቱን በድምፃቸው ብቻ ይለያቸው ነበር። ትረካው ለድምፅ ተማሪ ትልቅ የመማሪያ ሰነድ ነው። ሲዳምኛም የሚጠብቁና ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች አሉት፤ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚናገር የሐዋሳ ተማሪ አንድ ቃለ ተውኔት በሁለቱም እየተጫወተ ምላሱን ሊያሠለጥን ይችላል።

የእንቅስቃሴው ትምህርት ከዚህ የሚነጠል አይደለም። አውስትራሊያዊው ተዋናይ ኤፍ. ኤም. አሌክሳንደር መድረክ ላይ ድምፁ እየተዘጋ ሲያስቸግረው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን መረመረ፤ ሊናገር ሲል ጭንቅላቱን ወደ ኋላ እየሳበ አንገቱን እንደሚያጨናንቅ አየ። በስሙ የሚጠራው ዘዴ የተወለደው ከዚያ ነው። የእንቅስቃሴ ተመራማሪው ሩዶልፍ ላባን ደግሞ እንቅስቃሴን በክብደት፣ በጊዜና በአቅጣጫ ለይቶ ከመግፋት እስከ መንሳፈፍ ስምንት መሠረታዊ ዓይነቶች አወጣ። ይህ በተግባር እንዲህ ይሠራል፦ ሽማግሌ የሚጫወት ተማሪ ወገቡን አጉብጦ እጁን ከማንቀጥቀጥ ይልቅ፣ የሰውዬው ክብደት የት እንዳረፈ ይፈልጋል፤ ጉልበቱ ላይ? ተረከዙ ላይ? ክብደቱን ሲያገኝ እርምጃው ይዘገያል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ድምፁም ሳያስመስል ይለወጣል።

ድምፅና አካልን አንድ ላይ ማሠልጠን ከውጭ ብቻ የመጣ ዕውቀት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ተማሪ ዜማውን ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ፣ ከእግሩም እርምጃ ጋር ነው የሚያጠናው። ስሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት ላይ የሚገኘው ፀሐፌ ተውኔት ዮፍታሔ ንጉሤም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጣ ባለ ቅኔ ነበር። በሐዋሳ ደግሞ በፍቼ ጫምባላላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት በተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሕዝቡ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ቄጣላ የሚባለውን የኅብረት ጭፈራ ይጫወታል። ብዙ ሰው በአንድ ምት እየረገጠ ዜማ ሲቀባበል፣ የትወና መምህራን «የቡድን ትንፋሽ» የሚሉት ነገር በዓይን ይታያል።

በዘመናዊው መንገድ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በምሥረታው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቴአትር ቡድን ወጣ። ከአባላቱ አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ ኋላ በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። በየቀኑ የሚሠራ ልምምድ አንድን ወጣት የት ሊያደርስ እንደሚችል የአዱኛ ታሪክ ያሳያል።

ሐዋሳም መነሻ አላት። በሐዋሳ የወጣቶች ማዕከል ሰርከስና ቴአትር ጎን ለጎን ተሠርተዋል፤ ከዚያው አካባቢ ወጣቶችም አይኪዶ የተባለውን የጃፓን ማርሻል አርት የተማሩና የሚያስተምሩ ወጥተዋል። አይኪዶ ሳይጎዱ መውደቅን፣ ከእምብርት በታች ያለውን የአካል ማዕከል ማወቅንና ትንፋሽን ከእንቅስቃሴ ጋር ማስማማትን ያስተምራል፤ ሦስቱም ለተዋናይ የግድ ናቸው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥልጠና ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሲሚንቶ ሳይሆን እንጨት ወይም ምንጣፍ የለበሰ ወለል፣ ድምፅ የማያስተጋባ ክፍል፣ የሚጠጣ ውኃ፣ በየቀኑ የማይቋረጥ ሰዓትና የተማሪውን ጉሮሮ መወጠር በጆሮው የሚለይ አሠልጣኝ ይበቃል። የከተማዋ የሰርከስ ልጆች አካላቸው ተገርቷል፤ የመዘምራን ልጆች ትንፋሻቸው ረዝሟል። አንድ የትወና ክፍል ሁለቱን አገናኝቶ ጠዋት አንደኛው ሌላውን እንዲያሠለጥን ቢያደርግ፣ ከሰዓት በኋላ ለቃለ ተውኔቱ ጥናት ዝግጁ የሆነ ቡድን ይኖረዋል።