ድንኳን የበላው ሻጋታ የንግድ ዕቃ ሆነ

ሻጋታ የነጋዴ ጠላት መሆኑን ጥጥና ሸራ በመጋዘኑ ያከማቸ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ከዚሁ ጠላት የሚገኝ ምርት ዛሬ በዓለም ገበያ ይሸጣል፤ ጠባዩንም ማወቅ ለአስመጪውም ሆነ ለባለሱቁ ይጠቅማል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሎሞን ደሴቶች የሰፈረው የአሜሪካ ሠራዊት የጥጥ ድንኳኑ እየበሰበሰ አስቸገረው። ከበሰበሰው ሸራ ላይ የተወሰደውን ሻጋታ ኤልዊን ሪስና ሜሪ ማንዴልስ የተባሉ የሠራዊቱ ተመራማሪዎች መረመሩት። ሻጋታው የጥጥና የገለባ ዋና አካል የሆነውን ሴሉሎስን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኤንዛይም አብዝቶ የሚያመነጭ ሆኖ ተገኘ። በኋላም በሪስ ስም ትሪኮደርማ ሪሴይ ተባለ።

ይሁን እንጂ ሻጋታው ቍጥብ ነው፤ ስኳር እንደ ልቡ ካገኘ ኤንዛይም ማውጣቱን ይተዋል። በአሜሪካ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በጨረርና በኬሚካል እየፈተኑ ይህ ልጓም የላላለትን ዝርያ አስገኙ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። ያ ሥራ ግን ዕድልን የሚጠብቅ ነበር። ዛሬ ጠበብት በቀጥታ በጂኑ ላይ ይሠራሉ፤ ልጓሙን ያነሣሉ፣ ምርትን የሚያዘውን ጂን ያበረታሉ፣ የሚጐድለውንም ኤንዛይም ከሌላ ሻጋታ ጂን ወስደው ይጨምሩለታል። ስለዚህም የፋብሪካ ዝርያዎች በአንድ ሊትር ከ100 ግራም በላይ ፕሮቲን እንደሚያመነጩ ተገልጿል።

የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማ ዋጋን ማውረድ ነው። ኤንዛይሙ በልብስ ሳሙና ይገባል፤ የጂንስ ሱሪንም በድንጋይ ፈንታ ያለሰልሳል። ከአገዳና ከገለባ ነዳጅ ለማውጣት ግን ብዙ ኤንዛይም ስለሚፈለግ፣ ሒሳቡ በቀላሉ አይገጥምም። ዱፖንት ኩባንያ በአዮዋ ግዛት በ2015 እ.ኤ.አ. በዓመት 113 ሚሊዮን ሊትር ያህል አልኮል እንዲያወጣ የታቀደ ፋብሪካ ቢከፍትም፣ በ2017 ከሥራው እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ፋብሪካውም በ2018 ለጀርመኑ ቬርቢዮ ተሸጠ። ሳይንስ ያቃናውን ገበያ ሊያጐብጠው እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ኤንዛይም ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ አንድ ነገር ልብ ይበል። የዕቃው ዋጋ በክብደቱ ሳይሆን በሥራ ኀይሉ ነው፤ ሙቀትም ያንን ኀይል ያደክመዋል። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት የኀይሉን መጠን፣ የተመረተበትን ቀንና የማከማቻውን ሙቀት በጽሑፍ ይጠይቅ። ርካሽ የመሰለ በርሜል ኀይሉ ካለቀ፣ ገዢው የከፈለው ለውሃ ነው።