ግራ እግር የሚያነበው ሊብሬ

ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ ጋራዥ፣ ቮልስ ሊገዙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሊብሬውን አውጥተው ለመካኒኩ ሲዘረጉለት አየሁ። ልጁ ወረቀቱን አልተቀበላቸውም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ በሩን ከፈተና ሞተር ሳያስነሳ የግራውን ፔዳል በመዳፉ ሁለቴ ገፋ፣ ገፋ አደረገው። ከዚያ ተቀምጦ በእግሩ እስከ ወለሉ ረገጠውና ቀስ እያለ ለቀቀው።

“ሊብሬው ስንት ይላል፣ ጋሼ?”

“ስልሳ ሦስት።”

“አካሏ ስልሳ ሦስት ነው። ፍሪሲዮኗ ግን ከሰባ ወዲህ ነው። ሞተሯም አብሮ ሳይቀየር አልቀረም።”

ሽማግሌው ቅር አላቸው። እኔን ግን ነገሩ አላስተኛኝም፤ አንድ ሰው ሞተር ቤቱን ሳይከፍት፣ አንዲት ዳዶ ሳይፈታ፣ በግራ እግሩ ብቻ የመኪናን ዕድሜ እንዴት ያነባል? ልጁ ያነበበው ምን እንደሆነ ለማወቅ ከፔዳሉ ጀምሮ እስከ ሞተሩ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ስለ ዓመቱ። አገሩ ሁሉ በራሱ ዘመን ሲቆጥር መኪና ብቻ በፈረንጅ ዘመን ይወለዳል፤ እዚህ የምጠራቸው የሞዴል ዓመቶችም የፈረንጅ ናቸው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። “ስልሳ ሦስት” ሲባል 1963 ዓ.ም. ብሎ የገባው ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ይሳሳታል። በዚህች መኪና ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ፍሪሲዮኑ ደጋግሞ ተለዋውጧል። የቮልስዋገን ፋብሪካ ከ1955 ወዲህ የሞዴል ዓመቱን የሚቀይረው የበጋ ዕረፍቱ ሲያልቅ በኦገስት ነበር፤ እንደኛው አቆጣጠር ነሐሴ አካባቢ፣ አዲስ ዓመት ደጃፍ ላይ ማለት ነው። ስለዚህ በ1960 ኦገስት የተሠራች ቮልስ የ61 ሞዴል ትባላለች።

መኪናዋ ጀርመናዊት ትሁን እንጂ የምንጠራት በጣሊያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ክሪክ፤ ጣሊያን ሄዶ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል። ፍሪሲዮን ትርጉሙ ፍትጊያ ነው። ስሙ ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል። ሞተሩ ቮላኖ የሚባለውን ከባድ ክብ ብረት ያዞራል። ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ላይ ደግሞ ፊቱ ሻካራ የሆነ ዲስክ አለ። ፕሬሸር ፕሌት የሚባለው በሞላ የሚገፋ ብረት ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ያኔ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማ ይሄዳል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሞላው ይሸነፍና ዲስኩ ነጻ ይሆናል። በመሐሉ፣ ሳይጣበቅም ሳይለቅም እየተፋተገ የሚጎትትበት ቦታ አለ፤ አሽከርካሪዎች ሜዞ ይሉታል። መንጃ ፈቃድ የተማረ ሁሉ በሜዞ አላቦ ያውቃል።

ቮልስን ከሌሎች የሚለያት ሞተሯ ከኋላ፣ ፔዳሏ ከፊት መሆኑ ነው። ፔዳሉም ከላይ የሚንጠለጠል ሳይሆን ከወለሉ የሚበቅል ነው። ከፔዳሉ ሥር የሚነሳ የሽቦ ገመድ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ቱቦ ውስጥ ከሁለት ሜትር በላይ ተጉዞ ኋላ ካምቢዮው ጋ ይደርሳል። ዘይት የለም፣ ፖምፓ የለም። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ በእግሩ ጣቶች የያዘው ገመድ የድሩን መከፈት እንደሚነግረው ሁሉ፣ የቮልስ ሾፌርም ኋላ የሚሆነውን በዚያ ሽቦ ይሰማል። ላዳ ግን እንዲህ አይደለችም። የላዳ ፍሪሲዮን በዘይት ግፊት ስለሚሠራ እግር የሚሰማው ነገር ለስለስ ያለ፣ ሁልጊዜም ተመሳሳይ ነው፤ ዘይቱ ካላለቀ በቀር ስለ ራሱ ብዙ አያወራም።

እንግዲህ ወደ ዓመቶቹ። ከ1960 ኦገስት በፊት የተሠሩት ቮልሶች አንደኛ ማርሻቸው ሲንክሮናይዝድ አልነበረም። መኪናዋ ፈጽማ ሳትቆም ወደ አንደኛ ለመመለስ የፈለገ ሰው ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረግጦ፣ በመሐል ዜሮ ላይ ነዳጅ ሰጥቶ ማስገባት ነበረበት፤ ያለዚያ ካምቢዮው ይጮኽበታል። ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ የሚላኩት ቮልሶች አራቱም ማርሻቸው ሲንክሮናይዝድ ሆነ፤ የ1200ዋ ሞተርም ከ30 ወደ 34 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። ዲስኩ ግን 180 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ቀጠለ። ፕሬሸር ፕሌቱን የሚገፉት ዙሪያውን የተደረደሩ ጥቅልል ሞላዎች ነበሩ። ጥቅልል ሞላ ባህርይው ግልጽ ነው፤ በተጫንከው ቁጥር ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ፔዳል ሲጀምር ቀላል፣ ወደ ወለሉ ሲጠጋ ከባድ ነው፤ ክብደቱ የሚያድገውም ያለ አንዳች ስብራት በቀጥታ መስመር ነው።

በ1966 ኦገስት የወጣችው የ67 ሞዴል 1500 ቮልስ 44 የፈረስ ጉልበት ይዛ ስትመጣ ትንሹ ዲስክ አልበቃትም፤ 200 ሚሊ ሜትር ሆነ። የ20 ሚሊ ሜትር ጭማሪ ለዓይን ምንም አይደለም፤ ለጉልበት ግን ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ፍትጊያው የሚይዘው ከመሐሉ ራቅ ብሎ፣ በሰፊ ፊት ላይ ነውና። ቮላኖውም በዚያው ሰሞን አደገ። ኤሌክትሪኳ ባለ 6 ቮልት የሆነችው መኪና ቮላኖ ዙሪያውን 109 ጥርስ ነበረው፤ የባለ 12 ቮልቷ 130 ጥርስ ነው። የዚህ ዘመን ፔዳል ይከብዳል፣ ሲይዝም ቆፍጠን ብሎ ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ለውጥ ካላወቁት አይታይም፤ የእኛ መካኒክ የያዘውም እሱን ነው። ከ71 ሞዴል በፊት ፕሬሸር ፕሌቱን የሚገፋው ኩሽኔታ ገመዱ ከሚያንቀሳቅሰው ሹካ ጋር የሚወዛወዝ፣ ሲገፋም ትንሽ ቅስት የሚሠራ ነበር። በ1970 ኦገስት ግን ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቀጥ ያለ ቱቦ ተሰጠው። እግር ሥር የነበረችው ጥቂት መርገብገብ ጠፋች። በዚያው ሰሞን ጥቅልል ሞላዎቹ ቀስ በቀስ ቦታቸውን ዲያፍራም ለሚባለው፣ ከአንድ የብረት ሳህን ለተቀረጸ ሞላ ለቀቁ። ዲያፍራም ጠባዩ ሌላ ነው። እየተጫንከው መጀመሪያ ይከብዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ጫፉ ይደርስና ከዚያ ወዲያ ይቀላል። ልጁ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ በመዳፉ የፈለገው ያንን መቅለል ነው። ጥቅልል ሞላ አያታልልም፤ እስከ መጨረሻው ይከብዳል። መሐል ላይ የቀለለ እንደሆነ የ63 ሞዴል ፍሪሲዮን አይደለም። ገመዱ ዛገ፣ ሾፌሩ ደከመው፣ ያ መቅለል አይጠፋም።

ለሾፌሩ ጉልበት ደግሞ የዲያፍራሙ ጥቅም ትልቅ ነው። ጦር ኃይሎች፣ ቀላል ባቡሩ የሚያበቃበት ቦታ አካባቢ፣ ወደ ቤቴልና አየር ጤና የሚሄደው መኪና ሁሉ በተጨናነቀ ሰዓት የቆመ ሰው በ63ቱ ፔዳል ላይ የሚያወጣውን ሙሉ ክብደት በ72ቱ አያወጣም። ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ፍሪሲዮን ከሰባ ወዲህ ተቀየረለት ማለት ስድብ አይደለም፤ ምናልባት ሻጩ ውለታ ውሎለት ይሆናል። ለጥንታዊነት የሚሟገተው ወገን ይህን አይሰማም።

ስለ ዳገቱ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል፤ ሞተር የሚተነፍሰውም አየር ነው። ጀርመን አገር 34 ፈረስ የነበራት ቮልስ እዚህ ሰባት ስምንቱን መንገድ ላይ ጥላ ነው የምትደርሰው። የቀረው ጉልበት ዳገት ላይ ለመነሳት ስለማይበቃ ሾፌሩ ነዳጅ ከፍ አድርጎ ሜዞ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛታል። ያ መፋተግ ሁሉ ሙቀት ነው፣ ሙቀቱም ዲስኩን ይበላል። ወደ ወጨጫ ተራራ ፊቱን ባዞረ በዚህ በምዕራቡ የከተማችን ክፍል ዳገት አይጠፋም። በእግር ፍሬንና በእጅ ፍሬን ፈንታ በሜዞ ቆማ የምትጠብቅ መኪና ሽታዋ ከሩቅ ይመጣል፤ የተቃጠለ ቆዳ የሚመስል፣ አፍንጫ የማይረሳው ሽታ ነው።

ዲስኩ እየሳሳ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል። ፔዳሉ ከመሥራቱ በፊት ከላይ ጥቂት ባዶ መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ መጠኑም ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ነው። ዲስክ ሲያልቅ ይህ ባዶ መንገድ ይጠብባል እንጂ አይሰፋም፤ የሚይዝበት ቦታም ወደ ላይ ይወጣል። ጨርሶ ሲጠፋ ኩሽኔታው ሁልጊዜ እየተጫነ ይቃጠላል፣ ፍሪሲዮኑም ዳገት ላይ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ገመዱ ሲለጠጥ ደግሞ ባዶው መንገድ ይሰፋና ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል። ሁለቱ ሕመሞች እየተቃረኑ አንዱ ሌላውን ሊሸፍነው ይችላል። ማስተካከያው ካምቢዮው ግራ ጎን፣ ከግራው የኋላ ጎማ አጠገብ ባለች አንዲት ባለ ክንፍ ዳዶ ነው፤ ጎማውን ፈትቶ ወይም መኪናዋ ሥር ተንሸራትቶ የሚደረስባት።

ከዚያች ዳዶ አጠገብ ገመዱ የሚያልፍበት አንድ ተጣጣፊ ቱቦ አለ። ቀጥ ብሎ መወጠር የለበትም፤ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ታች መጉበጥ አለበት። ጉብጠቱ እንደ ስንፍና ስለሚታይ ጥንቁቅ ነኝ ባይ መካኒክ ይወጥረዋል። ያኔ ቮልሷ ስትነሳ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች፤ ባለቤቱም ዲስክ፣ ፕሬሸር ፕሌት፣ ሞተር ማሰሪያ እያለ ገንዘቡን ይጨርሳል። የምትንቀጠቀጥበት ሌላው ምክንያት ከቮላኖው ጀርባ ያለው ኦይል ሲል አርጅቶ ዘይት ዲስኩ ላይ ማፍሰሱ ነው። በዚህ ጊዜ ሞተር መውረድ አለበት፤ ቮልስ ላይ ግን ሞተር ማውረድ እንደ ሌላው መኪና አያስፈራም። አራት ቡሎን፣ የ17 ቁልፍ፣ አንድ ክሪክ፤ ገመዶቹና የነዳጅ ቱቦው ተለያይተው ወደ ኋላ ይሳባል።

ቀላልነቷ ነው እንግዲህ ሊብሬዎቹን ውሸታም ያደረጋቸው። ሞተር በቀላሉ ስለሚወጣ በቀላሉ ይቀየራል። ሶማሌ ተራ የተገኘ የ72 ሞተር የ62 አካል ውስጥ ይገባል። ሆኖም 130 ጥርስ ያለው ትልቁ ቮላኖ በአሮጌው ባለ 6 ቮልት ካምቢዮ ቤት ውስጥ አይበቃም፤ ግድግዳው በሞረድ ወይም በማሽን ካልተፋቀ ይነካል። ሞተሪኖውም ከአዲሱ ጥርስ ጋር መስማማት አለበት። አሮጌው ፕሬሸር ፕሌት መሐሉ ላይ ኩሽኔታው የሚያርፍበት ቀለበት አለው፤ ከ71 ወዲህ ያለው የለውም። ቀለበቱን ከማይስማማው ኩሽኔታ ጋር ያጋቡት እንደሆነ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ይጮኻል። ታዲያ የአዲስ አበባ ቮልስ ፍሪሲዮን የአንድ ዓመት ልጅ አይደለም፤ አያት፣ አባትና የልጅ ልጅ በአንድ ቤት የሚኖሩበት ነው። ግራ እግር የሚያነበውም የፋብሪካውን ዓመት ሳይሆን የጋራዦቹን ታሪክ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ ገመዱ ሳይለወጥ መቆየቱ ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ጁላይ 30 ቀን 2003 ስትወጣ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ እህቶቿ ከኋላዋ ነበሩ፤ እሷም በገመድ ነበር የምትረገጠው። ገመድ ይበጠሳል፣ መቼም። ሲበጠስም ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለሉ ላይ ይተኛል። የቀድሞ ሾፌሮች በዚህ ሰዓት ማርሹን አንደኛ ላይ አድርገው በሞተሪኖው ያስነሷት ነበር፤ ከተነሳች በኋላ የሞተሩን ድምፅ እየሰሙ፣ ነዳጁን ለቀቅ አድርገው ያለ ፍሪሲዮን ሁለተኛና ሦስተኛ ያስገባሉ። ከባዱ ነገር መቆም ነው።

አሁን በኮልፌ መንገድ ላይ የሚበዛው ቪትዝ ነው፤ ብዙው አውቶማቲክ ስለሆነ ግራ እግር ሥራ ፈቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ካለ ወዲህ ደግሞ አዲስ የሚመጣው መኪና ፍሪሲዮን የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ስለዚህ አሮጌዎቹ ቮልሶች ዋጋቸው አልወደቀም፤ ሽማግሌውም ለዚህ ነው የመጡት።

ልጁ የመጨረሻ ፈተናውን ሠራ። ሞተሩን አስነሳ፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ ላይ ሳበ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባና ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ነው፤ ሞተሩ የሚነዳውም እነሱኑ ነው። ፍሪሲዮኑ ደህና ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ጠፋ። ከዚያ ሥሯ ገብቶ ባለ ክንፏን ዳዶ ሁለት ዙር አላላት፤ ባዶው መንገድ በጣም ጠብቦ ነበርና።

ሽማግሌው ዋጋውን ትንሽ አስቀንሰው ገዙ። ከጋራዡ በር ወደ ዳገቱ ሲወጡ አንዴ ጠፋችባቸው። ልጁ እጁን እየታጠበ ነበር፤ ዞር ብሎም አላየ።

“ወደ ላይ ጠጋ ብላ ነው የምትይዘው፣ ጋሼ” አላቸው። “እግርዎ እስኪለምዳት ነው።”