የልብስ ማጠቢያ መኪና ሲያስቸግር

የልብስ ማጠቢያ መኪና ሥራውን ባቆመ ጊዜ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ «ሞተሩ ተቃጠለ» የሚል ነው። በተለይ አራትና አምስት ተማሪዎች ቤት ተከራይተው፣ ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ መኪና የገዙ እንደሆነ ድንጋጤው ቀላል አይደለም፤ ለሠሪ የሚከፈለው ከወሩ የምግብ ገንዘብ ላይ የሚነሣ ነውና። እኛ እንደምናየው ግን ከሞተሩ በፊት መመርመር ያለበት ውኃው ነው። ውኃው በደንብ ይገባልን? ከገባስ በኋላ በደንብ ይወጣልን? እዚህ የምንናገረው በሩ በፊት ለፊት ስለሆነው አውቶማቲክ መኪና ነው።

መኪናው እያጉረመረመ ውኃ አልቀበል ቢል መጀመሪያ ቧንቧውን ከፍቶ ማየት ነው። ይህን ስንል አንባቢን መናቃችን አይደለም፤ በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች መኖራቸውን ስለምናውቅ ነው። ደግሞም ጠፍቶ የሰነበተ ውኃ ሲመለስ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል። ይኸውም የመግቢያው ጎማ ከመኪናው ጀርባ በሚታሰርበት አፍ ውስጥ ባለችው ትንሽ ወንፊት ላይ ይከማቻል። ስፒናውን ነቅሎ፣ ቧንቧውን ዘግቶ፣ ጎማውን ፈትቶ፣ ወንፊቷን በፒንሳ ቀስ አድርጎ በመሳብ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ ነው።

ወንፊቷ ንጹሕ ሆና ውኃው አሁንም የሚንጠባጠብ ከሆነ የሮቶው ከፍታ ይታይ። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ ብዙዎቹ መኪናዎች ደግሞ ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይፈልጋሉ። እንግዲህ ከመኪናው በላይ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.2 ባር ስለሆነ፣ መኪናው ቢለወጥ እንኳ ችግሩ አይለወጥም።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ፤ ውኃው ይገባል፣ ይገባል፣ አይሞላም። በዚህ ጊዜ የመውጫው ጎማ መሬት ላይ ወድቆ እንደሆነ ይታይ። ጫፉ ዝቅ ካለ ውኃው ራሱን እየሳበ ይፈሳል። ለብዙዎቹ መኪናዎች ጫፉ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ መታሰር አለበት።

ልብሱ በውኃ እንደተዘፈቀ ቀርቶ በሩ አልከፈት ካለ አይታገሉት፤ ውኃ እያለ እንዳይከፈት የተሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከፊት በታች በኩል ባለች ትንሽ ክዳን ውስጥ፣ በፓምፑ ማጣሪያ ላይ ነው። ስፒናው ተነቅሎ፣ ውኃው ትኩስ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ተጠብቆ፣ ከሥሩ ሳፋና ጨርቅ ተዘርግቶ ማጣሪያው ቀስ በቀስ ይፈታ። ቁልፍ፣ የፀጉር መርፌና ሳንቲም ይገኝበታል። በጋራ ቤት ውስጥ የተገኘው ሳንቲም የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ለሕግ ተማሪዎች እንተዋለን። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ አረፋው እስከ በሩ ከሞላ ግን ምክንያቱ ሳሙናው ነው፤ ለእጅ አጠባ የተሠራ የዱቄት ሳሙና አረፋው ስለሚበዛ ፓምፑ ውኃውን መግፋት ያቅተዋል።

ሲጨምቅ የሚዘል መኪና ወለሉ ጠማማ ሆኖበት ይሆናል፤ በውኃ ልክ እያዩ እግሮቹን ማስተካከል ነው። ጋቢ ብቻውን ከገባም ውኃ ጠጥቶ በአንድ ወገን ስለሚጠቀለል መኪናው አልጨምቅም ሊል ይችላል። አዲስ መኪና ከሆነ ደግሞ ለጉዞ ተብለው ከጀርባው የታሰሩት ብሎኖች አለመፈታታቸው ይታይ። እነዚህን ብሎኖች መጣል አይገባም፤ ቤት ሲለቀቅ ይፈለጋሉ።

ከዚህ በኋላ እጃችንን እንሰበስባለን። ሲነኩት የሚነዝር፣ የተቃጠለ ነገር የሚሸት፣ ወይም በተሰካ ቍጥር የቤቱን መብራት የሚያጠፋ መኪና የተማሪ መለማመጃ አይደለም። ንዝረቱ ኤሌትሪክ ወደ ብረቱ እንደወጣ፣ ወደ መሬት የሚወስደውም ሽቦ እንደሌለ ወይም እንደተበጠሰ ያመለክታል። በ220 ቮልት፣ በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ለቆመ ሰው ይህ የሞት ነገር ነው፤ ነጠላ ጫማም አያድንም። መብራቱ ከቆጣሪው በኩል ይጥፋ፣ ስፒናው ይነቀል፤ የኤሌትሪክ ሠራተኛ መጥቶ መኪናውንና የመሬቱን ሽቦ እስኪያይ ድረስም ልብሱ በሳፋ ይታጠብ።