ያልተመዘገበው መሣሪያ፦ የድርጅት ኔትወርክ ጥበቃ ከ2001 እስከ ዛሬ

የድርጅቶችን ኔትወርክ ያስደፈሩ መሣሪያዎች ታሪክ ሲመረመር አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። መሣሪያውን ወደ ውስጥ ያስገባው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሰው ነው፤ ሥራው እንዲቀልለት የፈለገ ሠራተኛ፣ ካሜራ የገጠመ ተቋራጭ፣ ለስብሰባ አዳራሹ ስማርት ቴሌቪዥን የገዛ የግዥ ክፍል። የጥበቃ ባለሙያዎችም ላለፉት 25 ዓመታት ሲመክሩ የኖሩት ይህን የቤት ሰው እንዴት እንያዘው በሚል ነው። መጀመሪያ መከልከልን ሞከሩ፣ ቀጥሎ መመዝገብን፣ ከዚያም መነጠልን። ይህ ዳሰሳ መንገዱን በቅደም ተከተል ይከታተላል፤ በእኛ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው።

የዋይፋይ ዘመን

በ1999 የወጣው የዋይፋይ ደረጃ ዕቃውን ርካሽ አደረገው። ሠራተኛው ትንሽ አክሰስ ፖይንት ገዝቶ ከጠረጴዛው ሥር ካለው የኔትወርክ ሶኬት ጋር ሲያገናኘው ላፕቶፑን ይዞ እንደልቡ መንቀሳቀስ ቻለ። ሲግናሉ ግን ግድግዳ አያግደውም፤ ከሕንፃው ውጭ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰውም ያገኘዋል። ድርጅቱ በኢንተርኔቱ በኩል ያቆመው ፋየርዎል ይህን አያይም፣ በሩ የተከፈተው ከውስጥ ነውና።

በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች የዘመኑ የዋይፋይ መመስጠሪያ፣ ዌፕ፣ እንዴት እንደሚሰበር አሳዩ። በዚያው ዓመት 802.1ኤክስ የተባለው ደረጃ ጸደቀ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የተሰካው መሣሪያ ማንነቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ የስዊቹ ፖርት ዝግ ሆኖ ይቆያል። መድኃኒቱ ተገኘ፤ የሚወስደው ግን ጥቂት ነበር።

ዋጋውን የከፈለው ቲጄኤክስ የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ ነው። በ2005 የጀመረው ጥቃት መነሻው ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሱቁ የነበረ፣ በዌፕ ብቻ የተጠበቀ ዋይፋይ እንደነበር ተዘግቧል። ኩባንያው በጥር 2007 ጉዳዩን ይፋ አደረገ፤ ቢያንስ 45.7 ሚሊዮን የክፍያ ካርዶች መረጃ ተሰርቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የካርድ ኢንዱስትሪው በ2008 ባወጣው ደንብ ዌፕ እስከ ሰኔ 2010 ድረስ ፈጽሞ እንዲቀር አዘዘ። የቲጄኤክስ ዋይፋይ የኩባንያው የራሱ እንጂ በስውር የገባ አልነበረም። ተመዝግቦ የተረሳ መሣሪያ ካልተመዘገበው እንደማይሻል ያኔ ታየ።

ስልኩ ሲገባ

አይፎን በ2007 ከወጣ በኋላ ክልከላው በራሱ ጊዜ ፈረሰ። የግል ስልኬን ከቢሮው ኢሜይል ጋር አገናኙልኝ ብሎ ቀድሞ የሚጠይቀው አለቃው ራሱ ስለነበር እምቢ የሚል የአይቲ ክፍል አልነበረም። ስልኮችን ከርቀት የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ተለመደ፣ ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ ተዘረጋ። በ2013 መጨረሻ ታርጌት የተባለው ቸርቻሪ የ40 ሚሊዮን ካርዶች መረጃ ሲዘረፍበት ደግሞ ሌላ ትምህርት መጣ። ሌቦቹ የገቡት ከማቀዝቀዣ ሥራ ተቋራጭ በሰረቁት የመግቢያ መለያ ነበር። ከዚያ እስከ ሱቆቹ የክፍያ ማሽኖች መድረስ የቻሉት ውስጡ በበቂ ስላልተከፋፈለ ነው።

ካሜራው፣ ፕሪንተሩና ትንሿ ኮምፒውተር

በ2016 የተሠራው ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ይዞት የተነሳው 60 ገደማ ከፋብሪካ የወጡ የመለያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ነበር። በእነሱ ብቻ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በገፍ ሰበሰበ፤ ጥቅምት 21 ቀን 2016 በእነሱ አማካይነት ዳይን በተባለው ኩባንያ ላይ በተነሳው ጥቃት በኩባንያው የሚጠቀሙ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ተስተጓጎሉ። ፕሮግራሙን የጻፉት ሦስት ወጣቶች በ2017 ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን ዕቃቸው ለማን እያገለገለ እንደነበር የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናው ምስክር የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ነው። በሚያዝያ 2018 ሰርጎ ገቦች ከኔትወርኩ ጋር ያለፈቃድ በተገናኘች ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ርካሽ ኮምፒውተር በኩል መግባታቸው ተደረሰበት። 10 ወር ያህል ሳይታወቅባቸው ቆይተው 500 ሜጋባይት የሚሆን መረጃ ወስደዋል። የናሳ ዋና ኢንስፔክተር በሰኔ 2019 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው፣ ላቦራቶሪው መሣሪያዎች ሁሉ የሚመዘገቡበት ቋት ነበረው፤ ቋቱ ግን የተሟላ አልነበረም። አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ቋቱ አንዳንዴ አዲስ መረጃ አልቀበል እንደሚለውና እሱም በኋላ መመዝገቡን እንደሚረሳው ተናግሯል። የጠፈር መንኮራኩር የሚያመጥቅ ተቋም የተሸነፈው በማይሠራ ቅጽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው በ2019 ማይክሮሶፍት ስትሮንቲየም ሲል የሚጠራው፣ ከሩሲያ ጋር የሚያያይዘው ቡድን በሦስት ዓይነት ዕቃዎች በኩል ወደ ድርጅቶች ሲገባ ማየቱን አስታወቀ፤ የኢንተርኔት ስልክ፣ የቢሮ ፕሪንተርና የቪዲዮ ዲኮደር። በሁለቱ አጋጣሚዎች የፋብሪካው የይለፍ ቃል አልተቀየረም፤ በሦስተኛው ሶፍትዌሩ አልታደሰም። የገቡትም ለፕሪንተሩ ብለው አልነበረም፤ እሱ ላይ ቆመው የቀረውን ኔትወርክ ለመቃኘት እንጂ።

መዝገቡ የማይናገረው

እዚህ ላይ 802.1ኤክስ ለምን አልበቃም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ላፕቶፕ ማንነቱን ማረጋገጥ ይችላል፤ ብዙ ካሜራ፣ ፕሪንተርና የሰዓት መፈረሚያ ማሽን ግን ያን ቋንቋ አይናገርም። ስለዚህ አስተዳዳሪው የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ማክ አድራሻውን፣ ዝርዝር ውስጥ ጽፎ ያሳልፈዋል። ይህ ቁጥር ደግሞ በቀላሉ ይገለበጣል፤ ብዙ ጊዜ ዕቃው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። ፕሪንተሩን ነቅሎ በቦታው ያን ቁጥር የተዋሰ ኮምፒውተር የሚሰካ ሰው በስዊቹ ዓይን ፕሪንተር ነው።

ስልኮችም ዝርዝሩን አሳስተውታል። አንድሮይድ 10 በ2019፣ አይኦኤስ 14 በ2020 የተጠቃሚውን ምስጢር ለመጠበቅ ሲሉ ለየኔትወርኩ ሌላ ሌላ ማክ አድራሻ ማሳየት ጀመሩ። አንድ ስልክ በየቢሮው በተለያየ ስም ይታያል ማለት ነው።

በነሐሴ 2020 የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርዶችና ቴክኖሎጂ ተቋም ያወጣው የዜሮ ትረስት መመሪያ ዝርዝርን ብቻ ላለማመን የተጀመረውን ለውጥ በጽሑፍ አጸናው፤ ውስጥ መገኘት ብቻውን አያሳምንም። በተግባር ሲታይ የመሣሪያው ጠባይ ይጠናል። የጥበቃ ካሜራ የሚነጋገረው ከመቅጃው ጋር ነው። የሒሳብ ክፍሉን ሰርቨር ማንኳኳት ከጀመረ፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ይቆረጣል።

ሕግ ሲገባበት

ካሊፎርኒያ ከጥር 2020 ጀምሮ፣ ብሪታንያ ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ ሁሉም ዕቃ በአንድ የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንዳይወጣ በሕግ አግደዋል። የአውሮፓ ኅብረት በዚሁ ጉዳይ ያወጣው ሕግ በታኅሣሥ 2024 ጸንቶ ዋና ግዴታዎቹ በታኅሣሥ 2027 ይጀምራሉ። ሸክሙ ከገዢው ወደ አምራቹ መዞር ጀምሯል።

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰርጎ ገቡን ይቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃውን የያዘውን ድርጅት ተጠያቂ ያደርጋል፤ የአዋጆቹ ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የደንበኞቹን መረጃ የያዘ ክሊኒክ ወይም ሆቴል ካሜራ ሲያስገጥም የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንደቀረና ከርቀት ማን እንደሚያየው ካልጠየቀ፣ ነገ ሰበብ ያጣል።

አሁን የሚሻለው

በ2025 መጀመሪያ ኤስ-አርኤም የተባለ የጥበቃ ድርጅት የተረከው ጥቃት ዘመኑን ይገልጻል። አኪራ የተባለው የቤዛ ጠያቂዎች ቡድን ፕሮግራሙን በአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ሊጭን ሲል የጥበቃ ሶፍትዌሩ ከለከለው። ቡድኑ ኔትወርኩን ሲፈትሽ ጥበቃ ያልተጫነባት የቢሮ ካሜራ አገኘ፤ ከእሷ ላይ ሆኖም ፋይሎቹን ቆለፈ። ውድ መከላከያ የተገዛለት ሰርቨር የተጠቃው ማንም ባልቆጠራት ዕቃ በኩል ነው።

ሦስቱም መንገዶች፣ መከልከል፣ መመዝገብና መነጠል፣ ዛሬም ያስፈልጋሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን መገልበጥ አለበት። መነጠል ይቅደም፤ አዲስ የተሰካ ዕቃ ሁሉ ማንነቱ እስኪታወቅ ኢንተርኔት ብቻ ወደሚያገኝ የተለየ ክፍል ይግባ። ይህ ሲሆን ያልተመዘገበ መሣሪያ የሚያደርሰው ጉዳት ይወሰናል፣ መዝገቡም ፍጹም ባይሆን አደጋው ይቀንሳል። ምዝገባው ሁለተኛ ነው፤ በደቂቃዎች የሚያልቅ መሆን አለበት። አንዲት ፕሪንተር ለማስመዝገብ ሳምንታት የሚያስጠብቅ የአይቲ ክፍል ሠራተኛውን መደበቅ ያስተምረዋል። ክልከላ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ መታደስ ለማይችሉና የይለፍ ቃላቸው ለማይቀየር ዕቃዎች ብቻ። የቤቱ ሰው መሣሪያ ማምጣቱን አያቆምም፤ ሲያመጣ የሚነግረን ከሆነ ግን የጥበቃው ግማሽ ተሠርቷል።