ስለ ሸክላ መሰበርና ከባሕር ዛጎል ስለ ተገኘው ጥበብ

ሸክላ ሠሪዪቱ ጭቃውን አቡክታ፥ እንስራውን አበጅታ በእሳት ከተኰሰችው በኋላ እሳት አያቀልጠውም፤ ውሃም አያሟሟውም፤ እንደ ብረትም አይዝግም። ነገር ግን ውሃ ቀጂዪቱ ልጅ በድንጋይ ተሰናክላ የወደቀች እንደ ሆነ የብዙ ቀን ድካም ባንድ ጊዜ ገል ሆኖ ይቀራል። ይህ ጕድለት የእንስራ ብቻ አይደለም። በፋብሪካ የሚሠራውና ሴራሚክ የሚባለው ሸክላ ምንም ከብዙ ብረት ይልቅ ሙቀትን ቢችል፥ በድንገት ስለሚሰበር ብዙ ኃይል በሚያርፍበት መኪና ውስጥ ማግባቱ ያሠጋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብረት በተመታ ጊዜ በውስጡ ያሉት ደቃቅ ክፍሎች ይንሸራተታሉና ይጐብጣል፤ የምቱም ኃይል በመጕበጡ ያልቃል። የሸክላ ክፍሎች ግን አጥብቀው ስለ ተያያዙ መንሸራተት አይችሉም። ስለዚህ ኃይሉ ሁሉ በስንጥቁ ጫፍ ይከማቻል፤ ስንጥቁም የሚያግደው ሳያገኝ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። እንግዲህ ጠጣር መሆንና አለመሰበር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

የዚህ መድኃኒት በባሕር ዛጎል ውስጥ ተገኘ። እንደ ሉል የሚያብረቀርቀው የዛጎል የውስጥ ገጽ ከ100 እጅ 95ቱ አራጎናይት የሚባል የኖራ ወገን ነው፤ እርሱም ብቻውን ሲሆን በቀላሉ ይሰበራል። የቀረው 5 እጅ ለስላሳ ማጣበቂያ ነው። ኖራው ውፍረታቸው የሚሊሜትር ሁለት ሺሕኛ ያህል በሆነ ቅጠሎች ተከፍሎ እንደ ግንብ ተደርድሯል። ስንጥቅ በገባ ጊዜ በየቅጠሉ እየታገደ ይጠማዘዛል፤ ማጣበቂያውም እየተሳበ ኃይሉን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዛጎሉን ለመስበር የሚያስፈልገው ኃይል ኖራውን ብቻ ከሚሰብረው እስከ 3000 እጥፍ እንደሚደርስ ሊቃውንት ጽፈዋል።

ይህን ሥርዓት በእጅ መሥራት ስለማይቻል በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ያለው የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ሊቃውንት በ2006 በአውሮፓ አቈጣጠር በበረዶ የሚሠሩበትን መንገድ ገለጹ። የባሕር ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ጨውን ከራሱ ገፍቶ እንደሚያወጣ፥ የሸክላ ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃም ካንድ ወገን ሲቀዘቅዝ በረዶው በስስ ንጣፍ እያደገ ዱቄቱን ወደ መካከሉ ይገፋዋል። ከዚያም በረዶው ሳይቀልጥ ወደ ተን ተለውጦ ይወጣል፤ የቀረው ንጣፍ በእሳት ይተኰሳል። በ2008 አሉሚና የሚባለውን ሸክላ እንዲህ ደርድረው በመካከሉ አክሪሊክ የተባለ ፕላስቲክ ቢሞሉበት፥ ሁለቱ ለየብቻቸው ከሚችሉት ከ300 እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ቻለ።

ነገር ግን ፕላስቲክ እሳትን አይችልም። ስለዚህ በ2014 የፈረንሳይ ሊቃውንት ማጣበቂያውንም ከማዕድን አድርገው እስከ 600 ዲግሪ ሙቀት ጥንካሬው የማይለወጥ ሸክላ ሠሩ።

የዚህን ነገር ምሳሌ በመንደር ማየት ይቻላል። ቤት የሚመርግ ሰው ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ያቦካል፤ ጭዱ ስንጥቁን ይይዛልና። ተማሪዎችም ጭድ ያለበትንና የሌለበትን ሁለት የጭቃ ጡብ በፀሐይ አድርቀው ቢሰብሩ ልዩነቱን በዓይናቸው ያያሉ። ብርታት ከዕቃው ዓይነት ብቻ ሳይሆን ከአደራደሩም እንደሚገኝ በዚህ ይታወቃል።