ከፕሮግራመሩ በፊት መግባት ያለበት ባለሙያ

አንድ መሥሪያ ቤት አሠራሩን ዲጂታል ለማድረግ ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈለጉት ሶፍትዌሩን የሚሠራውና ገንዘቡን የሚፈቅደው ናቸው። በሁለቱ መካከል መቆም ያለበት ቢዝነስ አናሊስት ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ሥራው ከተበላሸ በኋላ ነው። ይህ ባለሙያ መሥሪያ ቤቱ ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ያጠናል፤ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚለወጥ ከሠራተኛውም ከኃላፊውም ጋር ይመክራል፤ ሲስተሙ ሊያደርግ የሚገባውን በጽሑፍና በሥዕል ያስቀምጣል፤ ሲያልቅም የታሰበው መሆኑን ይፈትሻል። ሙያው እ.ኤ.አ. በ2003 ካናዳ ውስጥ የተመሠረተ ዓለም አቀፍ ማኅበርና የራሱ መመሪያ መጽሐፍ አለው። ለትውውቅ ይህ ይበቃል።

አብዛኛው ሰው አናሊስትን የሚያየው እንደ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነው። ደንበኛው የፈለገውን ይናገራል፣ አናሊስቱ ይጽፋል፣ ፕሮግራመሩ ይሠራል ይባላል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሙያው ባላስፈለገ ነበር። የአናሊስት ትልቁ ሥራ «ይህ ነገር ጭራሽ ለምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ከፎርድ ሒሳብ ክፍል ታሪክ በተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአሜሪካ መኪና አምራቾች ገበያ ቀዝቅዞባቸው ወጪ የሚቀንሱበትን ይፈልጋሉ። የፎርድ ኩባንያ የሰሜን አሜሪካ ቅርንጫፍ ለዕቃ አቅራቢዎች የሚከፍለው ክፍል ብቻ ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ኃላፊዎቹ ኮምፒውተር ቢገባ 20 በመቶ ያህሉን መቀነስ እንደሚቻል አስበው ነበር። ኋላ የጃፓኑን ማዝዳ ሲያዩት ያንኑ ሥራ የሚሠሩት 5 ሰዎች ናቸው። ማዝዳ አነስተኛ ኩባንያ መሆኑ ቢታሰብ እንኳ ልዩነቱ በዚያ ብቻ የሚገለጽ አልነበረም።

ስለዚህ የፎርድ ሰዎች ክፍያው የሚያልፍባቸውን ወረቀቶች ተከትለው ሄዱ። ግዢ ክፍል ማዘዣ ይጽፍና አንድ ኮፒ ለሒሳብ ክፍል ይልካል። ዕቃው ሲደርስ ተረካቢው የገቢ ሰነድ ይሞላል፤ በእኛ አገር ሞዴል 19 የምንለው ዓይነት ነው። እሱም ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል። አቅራቢው ደግሞ ኢንቮይስ ይልካል። የሒሳብ ሠራተኛው ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ 14 መረጃዎችን ያመሳክራል፤ ከተስማሙ ይከፍላል። የክፍሉን ጊዜ የሚበላው ግን ያልተስማሙት ናቸው። አንዱ ቁጥር ሲለይ ክፍያው ይታገዳል፣ ስልክ ይደወላል፣ ፋይል ይፈተሻል፣ ደብዳቤ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ቢሆን «ሦስቱን ሰነዶች በፍጥነት የሚያመሳክር ሲስተም ይሠራ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ሠራተኞቹም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የፎርድ ሰዎች የወሰኑት ግን ኢንቮይሱን ጨርሶ ማስቀረት ነበር። ማዘዣው በአንድ የመረጃ ቋት ይመዘገባል፤ ዕቃው ሲመጣ ተረካቢው እዚያው በኮምፒውተር ያያል። ከማዘዣው ጋር ከተስማማ ይረከባል፣ ቼኩም ይወጣል፤ ካልተስማማ ዕቃው ይመለሳል። ከ14ቱ ማመሳከሪያዎች የቀሩት ሦስት ናቸው፤ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ መለኪያውና የአቅራቢው ኮድ። አሠራሩ በተዘረጋበት የሰው ኃይሉ በ75 በመቶ ቀነሰ። ኮምፒውተሩ በሁለቱም መንገድ ይገባ ነበር፤ 20ን እና 75ን የለየው ከዚያ በፊት የተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ታሪኩን የጻፈው በኤምአይቲ ያስተምር የነበረው ማይክል ሐመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ወጣ። በአገራችን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሠራ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ቢፒአር (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) ከዚህ ጽሑፍ የፈለቀ ሐሳብ ነው። ቢፒአር ሲነሣ ብዙዎች የሚያስታውሱት ስብሰባውንና የመዋቅር ድልድሉን ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ፍሬው ወረቀቱን እግር በእግር መከተሉ ነበርና።

አንድ ጊዜ ከአንዲት አናሊስት ጋር አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ነበር። ንብረት ኃላፊው ስለ ቅጾቹ እያስረዱ ሳለ «ጋሼ፣ ይቺን ሦስተኛዋን ኮፒ ማን ነው የሚወስዳት?» አለቻቸው።

«ማንም አይወስዳትም፤ እኔው ጋ ትቀመጣለች።»

«የሚፈልጋት ሰው መጥቶ ያውቃል?»

ትንሽ አሰቡ። «እኔ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ አልመጣም። ስረከብ ግን እንዲሁ ነበር።»

የመምሪያ ኃላፊው ቢጠየቅ ኖሮ ሦስቱም ኮፒዎች አስፈላጊ ናቸው ባለ ነበር። አናሊስቱን ከኃላፊው ጋር ለሁለት ሰዓት አስቀምጦ «ጨርሰሃል» የሚል መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን ልብ ይበል። ኃላፊው የሚያውቀው መመሪያውን ነው፤ ሥራውን የሚያውቀው መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። ሶፍትዌሩን ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ አናሊስት የሚቀጥረውማ የባሰ ነው፤ ያኔ ለባለሙያው የሚቀረው ሥራ ሰውን ከሶፍትዌሩ ጋር ማስማማት ብቻ ይሆናል።

የሰነድ ውፍረትም ከእንዲህ ያለ ስሕተት አያድንም። የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ መዝገቦቹን ከወረቀት ለማላቀቅ ያሠራው ቨርችዋል ኬዝ ፋይል የተባለ ሲስተም ከ800 ገጽ በላይ የፍላጎት ሰነድ ነበረው። ፍላጎቱ ግን በቅጡ ሳይረጋ ሥራው ተጀመረ፤ መሀል ላይም እየተለዋወጠ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲተው 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነበር።

ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ሲስተም የሚያሠራው መሥሪያ ቤት በዝቷል፤ ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣውም ብዙ ነው። ጥሩ አናሊስት እዚህ የሚይዛቸው ነገሮች ጥቃቅን ይመስላሉ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው፤ ስለዚህ ባለጉዳዩ መዝገብ ውስጥ በአያቱ ስም ይገባና በራሱ ሲፈለግ ይጠፋል። የወራት ዝርዝሩ 12 ከሆነ ጳጉሜን 3 የተወለደች ልጅ የልደት ቀን የላትም። ጠዋት 2 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። እነዚህን ማንም በስብሰባ ላይ አያነሣቸውም፤ ለሁላችንም ግልጽ ናቸውና። ባዕድ የሆኑት ለሶፍትዌሩ ነው፤ ቀድሞ ሊነግረው የሚገባውም አናሊስቱ ነው።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ ስለ ሦስተኛዋ ኮፒ የጠየቀችው አናሊስት አንድ ሲስተም ሥራ ከጀመረ ከወራት በኋላ ተመልሳ ደብተር ፍለጋ ትዞራለች። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሠራተኛ ከጎኑ ደብተር ከያዘ ሲስተሙ የጎደለው ነገር እንዳለ ለእሷ ምልክት ነው፤ ሠራተኛውን ግን አትቆጣም። አንድ ቢሮ ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ጋር ያገኘችው ደብተር በስልክ ቁጥር የተሞላ ነበር። ሲስተሙ ለአንድ ባለጉዳይ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀበላል፤ የራሱ ስልክ የማይሠራለት ባለጉዳይ ግን የጎረቤቱን ወይም የልጁን ቁጥር ጨምሮ ይሰጣል። ፕሮግራመሩ ሁለተኛ መሙያ፣ ቁጥሩ የማን መሆኑን ከሚገልጽ ቦታ ጋር፣ ጨመረ፤ ሠራተኛዋም ደብተሩን ተወችው።